አርባ ሰባተኛዋ ክር

ከቀኑ ፈረቃ ወጥቼ፣ የጥጥ ብናኝ በቅንድቤ፣
ደብተሬ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በአንድ ፓስቲ ተደልሎ ረሃቤ፣
የማታ ክፍል ገባሁ፤ የኮምቦልቻ ወበቅ ሳይበርድ።
በመስኮቱ፣ ከደሴ በኩል፣ ሚኒባስ ሐረጎን ሲወርድ
መብራቱ በጉሙ ውስጥ ይጠፋል፣ ደሞ ይወጣል።
መምህር ይማም ጠመኔ ሰብሮ ወደ ሰሌዳው ይመጣል።

ክሮሞዞም ብሎ ጻፈ።
እኔ ከቃሉ ግንባር ላይ ክር የምትለዋን አየሁ፤
አሥራ አንድ ዓመት የተበጠሰ ክር ስቀጥል የቆየሁ
ሰው ነኝና፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

«አርባ ስድስት ናቸው» አለ፣ «ሲጣመሩ ሃያ ሦስት ጥንድ፤
አንዱ ከእናት የመጣ፣ አንዱ ከአባት ዘንድ።
ሊለያዩ ሲሉ እያንዳንዱ አስቀድሞ ራሱን ይደግማል፤
እንደ ድርብ ክር ወገቡ ላይ ተጣብቆ ይቆማል።
አሁን ስንት ሆኑ?»
«ዘጠና ሁለት!» አለ ከኋላ ጀማል።
«አልሆኑም። ወገብ ቁጠር እንጂ ክንድ አትቁጠር።
ያው አርባ ስድስት ነው።»

እጄን አወጣሁ፦ «እኛም ጋ፣ ማጠንጠኛ ክፍል፣
ሁለት ፈትል ተገምዶ በአንድ ቀሰም ሲጠቀለል
አንድ ክር ብለን ነው መዝገብ ላይ የምናሰፍረው።»
ጠመኔውን አየር ላይ ያዘው። «ስሟት» አለ፣ «ይኸው ነው።»

ከዚያ ጥንዶቹ ተገናኙ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ፤
እንደ ሰኞ ገበያ ሰው ቁራጭ በቁራጭ ሊለዋወጡ ተስማሙ፤
የእሷ ቅንድብ ለእሱ ወገን፣ የእሱ ጥርስ ለእሷ።
ተለያዩም። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ።
«ቁጥሩ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ሦስት። ጻፉት።
ሁለተኛው ክፍፍል ድርቡን ይፈታል እንጂ ቁጥር አይነካም፤
በየዓመቱ ፈተና ላይ እዚችው ጋ ነው የምትሰናከሉት።»

ደብተሬ ላይ ወገብ ሳልኩ፣ ክንድ ሳልኩ፣ ፈታሁ፣ ገመድኩ።
ሴት ልጅ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው፣ አለ፣ ይህ ሥራ የሚጀመር፤
ጥንዶቹ ተቃቅፈው ይቆማሉ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደመር፣
ተራቸው እስኪደርስ።
«አንዳንዴ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንደኛው ጥንድ
አልለያይም ይላል። ሁለቱም አብረው በአንድ መንገድ
ይሄዳሉ። ሃያ አራት። የአባት ሃያ ሦስት ሲጨመር...»

ማንም ሳይደምር እኔ ደመርኩ።

አንዋር ውጭ ከዘበኛው ጋ ነው፣ ቆርኪ ይደረድራል።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል፣ ሲናገር ምላሱ ይተሳሰራል።
አማቴ «ቀትር ላይ ቦርከናን ስለተሻገርሽ ነው» አሉኝ፤
ጎረቤቶች የማሽኑን ጩኸት፣ ሐኪሞች ዕድሜዬን ነገሩኝ፤
እኔም ዘጠኝ ዓመት ጥፋቴን ቆጠርኩ፣ በሌሊት፣ በጣቴ፣
አንዱንም ሳልቀንስ።
ማን ነግሮኝ፣ እኔ ሳልወለድ፣ በእናቴ
ማህፀን ውስጥ ተቃቅፈው የቆሙ ሁለት ክሮች
ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቀው መለያየቱን እንቢ እንዳሉ?

እኛ ጋ ክር የተረፈበት ጨርቅ
በቀይ ጠመኔ ተመልክቶ ወደ ጥግ ይጣላል።
መምህር ይማም በነጩ ጻፈ፦ አርባ ሰባት።
ምንም አላሰመረበትም።

ስንወጣ ዘበኛው «ሲቆጥር ነው ያመሸ» አለኝ።
አንዋር ጣቴን ያዘና ሐረጎን በአገጩ አሳየኝ፤
መብራቶች ከደሴ ይወርዳሉ፣ ከጉሙ እየተፈቱ።
«አንድ» አለ፣ «ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት...»
አላረምኩትም። ፈተናው ረቡዕ ነው።
ጣቴን አልለቀቀም፣ እስከ ቤቱ።